የዋልያስ ስንክሳር የት አለ?

ጥር 22 ቀን 1961 ዓ.ም. ምን ሆነ? ይኸን ጥያቄ ካንዱ ዶርም በር ላይ ቆማችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከሦስት አልጋ ባንድ ጊዜ ይመጣላችኋል። ቢትልስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ለንደን ውስጥ ሳቪል ሮው ከሚባለው መንገድ ከቁጥር 3 ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥቶ 42 ደቂቃ ያህል ተጫወተ፤ ፖሊስ መጥቶ አስቆመው፤ አራቱ ሰዎች ከዚያ ወዲያ በሕዝብ ፊት አብረው አልተጫወቱም። የካቲት 4 ቀን 1955 ዓ.ም.ስ? የመጀመሪያ ሸክላቸውን አብዛኛውን ክፍል፣ 10 ዘፈን፣ ባንድ ቀን ውስጥ ቀድተው ጨረሱ። የካቲት 1 ቀን 1956 ዓ.ም.ስ? ኒው ዮርክ ላይ በቴሌቪዥን ቀርበው 73 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አያቸው። ኅዳር 29 ቀን 1973 ዓ.ም. ደግሞ ከመካከላቸው ጆን ሌነን ከቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ።

እኛ እንግዲህ ይኸን ሁሉ በራሳችን አቆጣጠር አስልተን አስቀመጥነው። ጥር 22 በደባርቅ የቅዱስ ዑራኤል ቀን ነው፤ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት። ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ዘመድ ከዘመድ ተጠያይቆ የሚውልበት ቀን። ከእንግዲህ ግን የለንደኑ ጣሪያም አብሮ ይታወሰናል። መቼም ማወቅ ክፉ ነገር የለውም።

ከመነሻው አንድ ነገር እናጥራ። ከቢትልስ ጋር ጠብ የለንም። «የፈረንጅ ሙዚቃ ይውደም» የሚል መፈክርም ይዘን አልተነሣንም። እንዲያውም እንቀናባቸዋለን፤ የምንቀናው ግን በዘፈናቸው ሳይሆን በታሪክ ጸሐፊዎቻቸው ነው። አራት የሊቨርፑል ወጣቶች በየትኛው ቀን የት እንደ ተጫወቱ፣ ስንት ሰዓት እንደ ቀዱ፣ ማን አርፍዶ እንደ መጣ ሳይቀር ቆጥሮ የመዘገበላቸው ሕዝብ አላቸው። ከዓመቱ ቀኖች አንዱን ብትጠሩ ያ ቀን በየዓመቱ ምን እንዳመጣላቸው የሚዘረዝር ሰው አይጠፋም።

ታዲያ አሁን ጥያቄውን እናዙረው። ዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የቀዳው በየትኛው ቀን ነው?

ዝም። ከሦስቱም አልጋ ዝም!

ይኸ ዝምታ ነው ብዕር ያስነሣን። እኛ የምንማረው ደባርቅ ላይ ነው። ከመካከላችን የዳባት ልጆች አሉ፤ ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ ሊማሊሞን ወጥተው የሚመጡም አሉ። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለውም፤ ጨነቅ አካባቢ ካለው ገደል ላይ ቆሞ ሲታይ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ስሙን ግን አገሩ ሁሉ ተበድሮታል። የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ቢራ በስሙ ወጣ። ከሁሉም በፊት ግን የዋልያን ስም ይዞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሜሪካ ድረስ የዘለቀው የሙዚቃ ባንድ ነው። ሌላው የዚያው ዘመን ታላቅ ባንድ አይቤክስም ቢሆን ስሙ የዋልያ ወገን የሆኑት የተራራ ፍየሎች የፈረንጅ ስም ነው። ሁለት ባንድ፣ አንድ ገደል! የገደሉ ልጆች ደግሞ ስለ ሁለቱም አንድ ቀን መጥራት አልቻልንም።

እስቲ የሚታወቀውን እንዘርዝር። ዋልያስ በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተቋቋመ፣ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው። ኃይሉ መርጊያ ኪቦርዱን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎኑን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔቱን፣ ተማረ ሐረጉ ድራሙን ይዘው ነበር፤ ግርማ በየነም ከነሱ ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሙላቱ አስታጥቄ ታክሎበት «ቸ በለው» የተባለው ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሸክላ ወጣ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ዛሬ በውጭ አገር ብዙ ባንዶች ደግመው ይጫወቱታል። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር፤ ከሰዓት እላፊው በፊት ወደ ቤቱ ያልገባ ሰው የሙዚቃ ቤት ውስጥ ያድራል፤ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካን ዞረ፤ ከዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንዶች ይኸን ያደረገው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ጉዞ ሁሉም አልተመለሱም። ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀርቶ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሾፌር ሆነ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን አውጥቶ ታክሲው ውስጥ ይለማመድ ነበር።

አይቤክስስ? እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲያስቀዳ ያጀበው አይቤክስ ነው፤ በኋላ ሮሃ ባንድ ወደሚል ስም ተሸጋገረ። ያ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅግ አገር ድጋሚ ታትሞ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለአውሮጳ ጆሮ ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የዘረዘርነው ሁሉ ዓመት ነው። 1975፣ 1977፣ 1981፣ 1986። ቀን የት አለ? የዚያች የሒልተን መድረክ የመጀመሪያ ምሽት ማክሰኞ ነበረች ወይስ ዓርብ? ጦም ነበር ወይስ ፍስክ? ሸክላው ሲቀዳ ሌሊት ነበር ወይስ ቀን?

«ቀን እናውቃለን!» የሚል ካለ ልክ ነው፤ አንድ ዓይነት ቀን እናውቃለን። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ዐረፈ። ጌታቸው መኩሪያ፣ ያ ፉከራና ሽለላን በሳክስፎን ያናገረ ሰው፣ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፈ። ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፈ። የሞቱበትን ቀን በደንብ አድርገን ይዘናል። ሬዲዮው ያውጃል፣ ሰንደቁ ይወጣል፣ ለቀስተኛው ይሰለፋል፣ ሙት ዓመቱም ይከበራል። የሠሩበትን ቀን ግን ማንም አልያዘልንም። የቢትልስ ዝርዝር ውስጥ ሞት አንድ መስመር ነው፤ ሌላው ሁሉ የሥራ ቀን ነው፦ የተቀዳበት፣ መድረክ የተወጣበት፣ የተጣሉበት፣ የታረቁበት። የኛ ዝርዝር ግን የቀብር መዝገብ ብቻ ነው። ሙዚቀኛ እኛ ዘንድ ቀን የሚኖረው ሲሞት ነው!

ለዚህ የተለመደ ምክንያት አለ። «የኛ ሰው መጻፍ አይወድም፣ ቀን መቁጠር ልማዳችን አይደለም፣ ባህላችን የቃል ነው» ይባላል። ይኸን የሚሉን አንዳንዴ የተማሩ ሰዎች መሆናቸው ነው የሚያሳዝነው። ኧረ ለመሆኑ ስንክሳር ምንድን ነው? በየዕለቱ በቤተ ክርስቲያን የሚነበብ፣ በዚህ ቀን እገሌ ተወለደ፣ በዚህ ቀን እገሌ በሰማዕትነት ዐረፈ፣ በዚህ ቀን የእገሌ ዐጽም ፈለሰ እያለ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ዓመቱን በሙሉ የሚሄድ መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን በየዘመኑ ምን እንዳስተናገደ መዝግቦ፣ በየመታሰቢያው መጨረሻ አርኬ አስከትሎ ማወደስን እኛ የጀመርነው ሊቨርፑል ውስጥ ጊታር ከመጮኹ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። የእስላሙም ልጅ ቢሆን መውሊዱን፣ ረመዳኑን፣ ዒዱን በጨረቃ ቆጥሮ ቀኑን አይስትም።

ስንክሳሩ ይቅር። የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል ንጉሡ በየትኛው ወር፣ በስንተኛው ቀን፣ የት እንደ ሰፈረና ወዴት እንደ ተነሣ ይነግረናል። ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡት በየካቲት 1847 ዓ.ም. መሆኑን የስሜን ሰው ያውቀዋል፤ ደረስጌም እዚሁ ነው።

ዜና መዋዕሉም ይቅር፤ ወደ ዛሬ እንምጣ። ከኛ በስተደቡብ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል ጥናት የሚያካሂድባት ወረዳ ናት። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ከቀበሌው ለቀቀ ብለው ይጽፋሉ። የዳባት ገበሬ ልጅ የተወለደበት ቀን መዝገብ ላይ ገብቷል፤ ወደፊትም ሐኪምና ተመራማሪ ይጠቀምበታል። መመዝገብ አንችልም የሚለው ሰው እንግዲህ ወደ ዳባት ይውጣና ይመልከት!

ስለዚህ መቁጠር አቅቶን አይደለም። ቅዱሱን ቆጥረናል፣ ንጉሡን ቆጥረናል፣ በሽታውን ቆጥረናል። ያልቆጠርነው ሙዚቀኛውን ነው። ያልቆጠርነውም ስለረሳነው ሳይሆን ስለናቅነው ነው። ነገሩን በስሙ እንጥራው። አዝማሪ የሚለው ቃል በመሠረቱ የሙያ ስም ነበር፤ እኛ ስድብ አደረግነው። ለሰርጋችን ጠርተን፣ ማሲንቆውን አስይዘን፣ በግጥሙ አልቅሰንና ስቀን፣ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈን ስናበቃ ልጃችንን ሊያገባ ቢመጣ ዘር እንቆጥርበታለን። ዘሩን ለመቁጠር ሰባት ቤት ወደ ኋላ የሄድን ሰዎች ሥራውን ለመቁጠር አንድ ቀን አልተቸገርንም። ማሲንቆው በሳክስፎንና በኪቦርድ ሲተካ ደግሞ ንቀቱ ልብስ ለወጠ እንጂ አልሞተም፤ «ሆቴል የሚጫወት»፣ «የማታ ሥራ የሚሠራ» ተባለ። የናቁት ሰው ደግሞ ቀን የለውም፤ «ድሮ»፣ «በዚያ ዘመን»፣ «በደጉ ጊዜ» ነው ያለው። «ወርቃማው ዘመን» የሚባለውም አባባል ያው የንቀት ሽፋን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የተለፋበትን ሥራ ባንድ ቅጽል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ማለት ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ፤ መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ቀን ምን ያደርጋል? ዘፈኑ ካለ ይበቃል።» ወንድማችን፣ ዘፈኑ እንዲኖር ነው ቀኑ የሚያስፈልገው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኝና የድምፅ ቅጂ አሳታሚ መብትን ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ያ 50 ዓመት ደግሞ ከሰማይ አይቆጠርም፣ ሥራው ከተከወነበት፣ ከተቀረጸበት ወይም ከታተመበት ጊዜ ተነሥቶ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሸክላ 50 ዓመቱ 2027 ላይ ይሞላል። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ትራምፔት ነፊ «ይኸን የነፋሁት እኔ ነኝ» ብሎ ቢነሣ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር ተብሎ ይጠየቃል። መዝገብ ያለው ይበላል፤ መዝገብ የሌለው «ደግ ዘመን ነበር» ብሎ ተክዞ ይቀራል። ቀን ማለት እንጀራ ነው!

ሁለተኛው ይላል፦ «ዋልያስ የሒልተን ባንድ ነው፤ የሀብታምና የቱሪስት። ከስሜን ገበሬ ጋር ምን አገናኘው?» ይህ ጠንከር ያለ ነው፤ እውነትም አለበት። በዚያ ዘመን ሒልተን የሚገባው የደባርቅ ገበሬ እንዳልነበረ እናውቃለን። ነገር ግን ሸክላና ካሴት ሒልተን አጥር ውስጥ ታጥሮ አልቀረም። በሊማሊሞ ቁልቁለት ካሴት ከፍተው የወረዱ ሾፌሮች፣ በየጠጅ ቤቱ ቴፕ የነበራቸው ባለቤቶች፣ በየበዓሉ የሬዲዮ ባትሪ ፀሐይ ላይ ያሞቁ አባቶች ይህን ሙዚቃ ሰምተውታል። ደግሞስ «የሀብታም ነበር» ብለን የምንተወው ከሆነ ሙዚቀኛውን ከተስተናጋጁ ጋር ማምታታት ነው። ሒልተን ውስጥ የበላው ሌላ፣ የተጫወተው ሌላ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሳክስፎን የነፋ ሰው ሠራተኛ ነው፤ የላቡን ቀን መመዝገብም ለሠራተኛ መቆም ነው።

ሦስተኛው ይላል፦ «ፈረንጆች ሠርተውት የለም እንዴ? ኢትዮፒክስ አለ፣ ሌላም አለ።» አዎን አለ፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ደጋግሞ አሳትሟል፤ ግርማ በየነ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 በ30ኛው ቅጽ ተመልሶ ሲዘፍን የሰማነው በዚያው በኩል ነው። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን የሠራውን ካሴት አገኘ፤ ባለቤቱን ፈልጎ ደውሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ድጋሚ አሳተመው። ታክሲ ነጂው ከዚያ በኋላ ወደ ዓለም መድረክ ተመልሶ «ላላ በሉ»ን በ2018፣ «የኔ ምርጫ»ን በ2020 አወጣ። ካሴቱን ከየት አገኘው? ኒው ዮርክ አይደለም። ባሕር ዳር ነው! እኛ ለእረፍት ስንሄድ የምናልፍባት ባሕር ዳር፣ አቧራ ለብሶ ከተቀመጠበት ሱቅ። እዚያ ሱቅ የገባው የኛ ሰው ስንት ነበር? ካሴቱን ያነሣው የኛ እጅ ስንት ነበር? አንሥተን አይተን መልሰን አስቀመጥነው።

የዋልያው ታሪክም እንዲሁ ነው። ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ በ19ኛው መቶ ዓመት ስሜን መጥቶ ዋልያን አየ፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ መዘገበው። የኛ ሰው ግን ከዚያ በፊት ስንት ትውልድ ሙሉ ዋልያውን በስሙ ሲጠራው ኖሯል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ታወጀ፣ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፣ በ1996 «አደጋ ላይ ያለ» ተባለ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። እንስሳው መጥፋት ሲጀምር ነው ቆጠራው የጠነከረው። የሙዚቀኛው ቆጠራ ግን ገና አልተጀመረም፤ የዚያ ትውልድ ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው። አንድ ሙዚቀኛ ሲሞት የቀብሩን ቀን እናገኛለን፤ አርባ የሥራ ዓመት ግን አብሮ ይቀበራል።

በዚህ ብቻ ብናበቃ እኛም እንደ ሌላው ወቃሽ ሆነን ቀረን ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህ ማባዣ አዘጋጆችና ለግቢያችን ተማሪዎች የምናቀርበው ነገር ይኸ ነው።

«በዛሬዋ ዕለት» የሚለው ዓምድ አይዘጋ። ቢትልስም አይውጣ። ግን ገጹ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ለነሱ፣ ግማሹ ለኛ። የኛ ግማሽ ባዶ ቢሆን እንኳ ቀኑ ተጽፎ ባዶውን ይታተም። ባዶው ይታየን፤ ይፈር ፊታችን!

ለእረፍት ወደ ቤት የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ደግሞ ደብተር ይያዝ። ከቤቱ የቀረ ካሴትና ሸክላ ካለ የአሳታሚውን ስምና ቁጥር፣ የተጫዋቾቹን ዝርዝር፣ ማን መቼ እንደ ገዛው ይጻፍ። በሠራዊት ወይም በፖሊስ የሙዚቃ ክፍል ያገለገለ አባት፣ በክፍለ ሀገር ወይም በአውራጃ ኪነት ቡድን የነበረች እናት ካለች ቁጭ ብሎ ይጠይቅ። «ቀኑን አላስታውስም» ቢሉትስ? ሰው የኛ አገር ቀን የሚያስታውሰው በቁጥር አይደለም። «ያ ዘፈን የመጣው እህትህ ክርስትና በተነሣችበት ሰሞን ነው»፣ «ገብሱ ታጭዶ ሳይወቃ»፣ «የማርያም ማግስት» ይላል። ይኸ ቀን ነው! እህቲቱ ስንት ዓመቷ ነው፣ ገብስ የሚታጨደው በየትኛው ወር ነው፣ ማርያም የትኛዋ ናት ብሎ ማስላት የተማሪ ሥራ ነው። ቆጠራ ላይ የአርሶ አደሩን ዕድሜ ያገኙት እንዲህ እያሉ አይደል!

ማሲንቆ ተጫዋቹንም አንርሳ። በደባርቅና በዳባት የገበያ ቀን የሚጫወት አዝማሪ ዛሬም አለ። የት ተወለደ፣ ከማን ተማረ፣ ይህን ዜማ መጀመሪያ በማን ሰርግ ተጫወተ፤ ጠይቁት። «ጋሼ» ብላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ስሙን ከነአባቱ ጽፋችሁ። ከዋልያስ ባንድ ቀን ይልቅ የርሱን ቀን ማግኘት ይቀላል፤ ሰውየው በሕይወት አለና። ቢትልስን የመዘገቡት ሰዎች ሊቃውንት ስለሆኑ አይደለም የመዘገቡት፤ የሰፈራቸው ልጆች ነገር ቁም ነገር ስለመሰላቸው ነው።

የመጪው እትም ጽሑፍ መቀበያ ቀን የካቲት 15 ነው። ከጥር 22 እስከዚያ ሦስት ሳምንት አለ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን፣ አንዲት የተጣራች የሥራ ቀን ብቻ፣ የሚያመጣ ማን ነው?